ደዌን ማን ላከው?
ስለ ክፉ ቀንና ስለ ኅዳር በሽታ መነሻ

ታይቶ የማይታወቅ ደዌ በአገር ላይ በወረደ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች በአንድነት ይነሣሉ። አንደኛው «በምን ይድናል?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «ከወዴት መጣ?» የሚል ነው። የፊተኛው መልስ ትዕግሥትንና ድካምን ይጠይቃል፤ ሐኪሞችም እስኪያገኙት ድረስ ብዙ ዘመን ያልፋል። የኋለኛው ግን በገበያም በለቅሶ ቤትም ወዲያው መልስ አያጣም። አንዱ ጠላት ላከው ይላል፤ ሌላው ጎረቤቱን ያማል፤ ሦስተኛው ወደ ሰማይ ወደ ከዋክብት ያንጋጥጣል። ከእነዚህም መልሶች አንዳንዱ ከደዌው ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ደዌው ከጠፋ በኋላም ንጹሑን ሰው ሲያስጠላ ይገኛል። ስለዚህ የጎጃም ደጋ ያየውን የክፉ ቀን ታሪክ፥ ከዚያም በኋላ የመጣውን የኅዳር በሽታ ነገር መለስ ብሎ መመርመር ለዛሬ ሰው የሚጠቅም ነው።

ጎጃም ዓባይ የከበበው፥ ጤፍና ስንዴ፥ ገብስና ባቄላ የሚያበቅል አገር ነው። ሀብቱም በበሬ ጫንቃ ላይ የተመሠረተ ነው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለም ጎተራው ባዶ ነው። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘውድ ተቀብለው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በተባሉ ጊዜ መቀመጫቸው መንቆረር ነበረች፤ እርስዋም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ከዚህ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ግን በአገሩ ላይ መከራ በመከራ ላይ ተደራረበ። በጥር 1880 ዓ.ም. ንጉሡ ከድርቡሽ ጋራ በሣር ውኃ ተዋግተው ድል ሆኑ፤ ድርቡሽም ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ። በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከንጉሥ ምኒልክ ጋራ መክረውብኛል ብለው በጎጃም ላይ ዘምተው አገሩን አጠፉት። በዚያው ዓመት በመጋቢት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በመተማ ወደቁ። የሰው ጦርነት ገና ሳያበቃ ሌላ ጦርነት፥ ጋሻና ጦር የማይመልሰው፥ በከብቱ ላይ ተነሣ።

ይህ የከብት ደዌ በአማርኛ «ደስታ» ይባላል። ሰው የሚፈራውን ነገር በክፉ ስሙ ከመጥራት ተቈጥቦ በመልካም ስም እንደሚጠራው ዓይነት ነው። የታመመው ከብት በመጀመሪያ ሰውነቱ ይግላል፤ ከዚያም ዐይኑና አፍንጫው ያፈሳል፥ አፉ ይቈስላል፥ ሆዱም ይበረታበታል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይሞታል። ደዌውን ቀድሞ ያላየ መንጋ የሚቋቋምበት ኀይል ስለሌለው፥ ከመቶው ከብት ዘጠናው ያለቀባቸው አገሮች እንደ ነበሩ ይነገራል። ጎሽና አጋዘንም አልቀሩም። ከሐማሴን ተነሥቶ በትግራይ፥ በበጌምድር፥ በጎጃም፥ በሸዋም አለፈ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ወረደ።

በሬው ሲያልቅ ገበሬው ዘር ይዞ በእርሻው ዳር ቆመ። ድርቅና አንበጣ፥ ተምችም ተጨመሩበት። ስለዚህ ረኃብ ሆነ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውም ጊዜ «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። ዐፄ ምኒልክ ከመኳንንቶቻቸው ጋራ ወርደው መሬቱን በዶማ እንደ ቈፈሩ፥ ሕዝቡም በሬ የለኝም ብሎ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ በምሳሌ እንዳስተማሩ የታወቀ ነው። ከሕዝቡ ምን ያህል እንዳለቀ በቁጥር የያዘ ባይኖርም፥ የጻፉት ሰዎች ከሦስት አንድ እጅ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል።

እንግዲህ ሕዝቡ «ከወዴት መጣ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ሦስት መልሶች ተሰጡ። አንደኛው፥ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው፤ ነገሥታቱ እርስ በርሳቸው ስለ ተዋጉ፥ ሕዝቡም ስለ በደለ መጣ የሚል ነበረ። ሁለተኛው፥ ክፉ ዐይን ያለው፥ አስማት የሚያውቅ ሰው ከብቱን በላው የሚለው የቈየ ጥርጣሬ ነው። ሦስተኛውም፥ ኢጣልያኖች አገሩን በጦር ሊይዙት ስላልቻሉ በሽታውን ሆን ብለው ላኩብን የሚል ነው። ይህ ሦስተኛው እስከ ዛሬ ድረስ ሲነገር የሚሰማ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ እርሱን መመዘን ይገባል።

በዚህ መልስ ውስጥ እውነት አለ፤ ያንም መደበቅ አይገባም። ኢጣልያኖች በጥር 1877 ዓ.ም. ምጽዋን ያዙ። በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ ድል ካደረጓቸው በኋላ፥ ሃያ ሺህ ያህል ወታደር በመርከብ አመጡ። ይህን ሁሉ ሠራዊት ለመቀለብና ጓዙን ለማጓጓዝ ከባሕር ማዶ ከብት አስመጡ፤ ከከብቱም አንዳንዱ ከሕንድ እንደ መጣ ይነገራል። ደዌው በዚህ መንገድ በምጽዋ በር እንደ ገባ ታሪክ ጸሓፊዎች ይስማማሉ። ስለዚህ «ከባሕር በኩል፥ ከኢጣልያን ሰፈር መጣ» ያለው የደጋ ገበሬ መንገዱን አልሳተም። የሳተው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ «አመጣው» ከሚለው ቃል ተነሥቶ «ላከው» ወደሚለው ቃል ያለ ምስክር ተሻገረ።

በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ትንሽ አይደለም። በሽታን የሚልክ ሰው በመጀመሪያ የሚልከውን ሊያውቀው ይገባል። የዚህ ደዌ ምክንያት ግን በዚያ ዘመን በዓለም ሁሉ የሚያውቀው አልነበረም። ከማናቸውም ጥቃቅን ሕዋስ ያነሰ፥ በሸክላ ማጥለያ የሚያልፍ ረቂቅ ነገር መሆኑን ሞሪስ ኒኮልና አዲል ቤይ በቍስጥንጥንያ የገለጡት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1902 ነው፤ ይኸውም ክፉ ቀን ካለፈ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ደግሞም ደዌው የኢጣልያኖቹን ከብት ከኢትዮጵያውያኑ ለይቶ አልማረም። ከብቱ ሊታረድና ጭነት ሊጐትት የመጣው ለገዛ ሠራዊታቸው ነበረ፤ በኤርትራ ሊያቋቁሙት ላሰቡት እርሻም የአገሩ በሬ ማለቅ ጥፋት እንጂ ጥቅም አልሆነም። ጥይቱን በገዛ መጋዘኑ ውስጥ የሚያፈነዳ ጠላት አይገኝም።

ደዌው ከዚህ ጠላት ይልቅ አሮጌ መሆኑም ይታወቃል። ኢጣልያን ራስዋን ከ1711 ጀምሮ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ክፉኛ መትቶአታል፤ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ሐኪም ጆቫኒ ማርያ ላንቺዚ የታመመው ከብት ይገደል፥ ጤነኛውም ከመንገድና ከገበያ ይለይ ብሎ የመከረው በዚያን ጊዜ ነው። በፈረንሳይ አገር በ1762 በሊዮን ከተማ የተከፈተው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከተቋቋመባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ደዌ ነበረ። እንግዲህ ኢጣልያኖችን በእውነት የሚያስወቅሳቸው ነገር አለ፤ በገዛ አገራቸው የሚያውቁትን ደዌ ሳይጠነቀቁ፥ ከብቱን ሳይለዩና ሳያቆዩ ወደ ሌላ ሕዝብ ምድር አስገቡ። ይህ ቸልተኛነት ነው፤ ቸልተኛነትም ከባድ በደል ነው። ነገር ግን በቸልታ የበደለን ሰው በሌላ ወንጀል መክሰስ የሠራውን በደል ያስረሳለታል፤ የተከሰሰበትን አልሠራሁም ብሎ በእውነት ሊምል ይችላልና።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ኢጣልያ ከዚያ በኋላ በመርዝ ጋዝ የኢትዮጵያን ሕዝብ ፈጅታ የለምን? ይህን ያደረገ ያንን እንዴት አያደርግም? ይባላል። የጋዙ ነገር እውነት ነው። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ከአውሮፕላን የወረደው መርዝ የሰውን ቆዳ ላጠ፥ ዐይን አጠፋ፥ ውኃውንና ሣሩን በከለ። ይህን ግን ያወቅነው ከጥርጣሬ አይደለም። የቈሰሉት ሰዎች ታይተዋል፤ የቀይ መስቀል ሐኪሞች አክመዋቸዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ተናግረዋል፤ በመጨረሻም የኢጣልያ መንግሥት ራሱ በ1996 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር አምኖአል። ጠላት ክፉ ሥራ ሊሠራ መቻሉ አንድን የተለየ ክፉ ሥራ ለመሥራቱ ምስክር አይሆንም። ማስረጃ ያለውን ክስ ማስረጃ ከሌለው ጋራ አንድ ላይ የሚያስር ሰው ሁለተኛውን አያጠነክርም፤ የመጀመሪያውን ያደክማል።

ወደ ሁለተኛው መልስ ስንመለስ ነገሩ ይከፋል፤ በዚህኛው የሚወቀሰው በባሕር ማዶ ያለ መንግሥት ሳይሆን በአንድ መንደር የሚኖር ድኻ ነውና። በጎጃምና በጎንደር፥ በሌላውም የደጋ አገር ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የምትሠራው፥ ቆዳ የሚያለፋው ባለ እጅ «ቡዳ ነው» እየተባለ ሲታማ ኖሮአል። ያለ እርሱ ማረሻ የለም፤ ያለ እርስዋም እንስራና ምጣድ የለም። ሆኖም ልጅ በድንገት ቢታመም፥ ላም ብትነጥፍ፥ ጥርጣሬው ወደ እነርሱ ቤት ይሄዳል። ደዌው ባለ እጅ በሌለበት አገር ስለ ምን ገባ? የባለ እጁስ ላም ስለ ምን ሞተች? ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሳደቡትን በዐዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ነገሩ ሥር የሰደደ ነበረ፤ ከዐዋጁም በኋላ ፈጥኖ አልጠፋም።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የሆነ አይደለም። በአውሮፓ ታላቁ ቸነፈር በገባ ጊዜ አይሁድ የውኃ ጕድጓዶችን መርዘዋል ተብለው ተከሰሱ፤ በየካቲት ወር 1349 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በስትራስቡርግ ከተማ ብዙ መቶ ሰዎች በእሳት ተቃጠሉ። ያን ጊዜ ቸነፈሩ ገና ወደ ከተማይቱ አልደረሰም ነበር፤ አይሁዱ ካለቁ በኋላ ግን መጣ። በደቡብ አፍሪካ በኩልም የከብቱ ደዌ በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ በተሻገረ ጊዜ፥ የእንግሊዝ ሹማምንት መዛመቱን ለመግታት ብለው ከብት በጥይት ሲገድሉ ያየ ሕዝብ «በሽታውን ያመጡት እነዚህ ናቸው» አለ። በየስፍራው የተከሰሰው ሌላ ሌላ ነው፤ የክሱ መልክ ግን አንድ ነው። አንድ መልስ በየአገሩ ስሙን ብቻ እየለወጠ ሲገኝ፥ ስለ ደዌው የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ስለ ከሳሹ ፍርሃት የሚነግረን ግን ብዙ ነው።

የመጀመሪያው መልስ፥ ማለት የቍጣው ነገር፥ በእምነት የሚነገር ስለ ሆነ በሚዛንና በመስታወት የሚፈተን አይደለም። ነገር ግን መጽሐፈ ኢዮብን ያነበበ ሰው የኢዮብ ወዳጆች ምን እንደ ሆኑ ያስታውሳል። ኢዮብ ሀብቱን፥ ልጆቹንና ጤንነቱን ባጣ ጊዜ፥ ያለ ኀጢአት ይህ አይደርስብህም እያሉ ተከራከሩት፤ በመጨረሻም የተገሠጹት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ በመከራ ጊዜ የራስን በደል መመርመር ለእያንዳንዱ የተገባ ነው፤ የሌላውን ሰው በሽታ አይቶ በደሉን መቍጠር ግን ለማንም አልተሰጠም።

ከክፉ ቀን በኋላ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ሌላ እንግዳ ደዌ መጣ፤ ይህኛው በሰው ላይ ነበረ። በኅዳር 1911 ዓ.ም.፥ የአውሮፓ ታላቅ ጦርነት ባበቃበት ወር፥ በዓለም ሁሉ የተዛመተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ። ቤት ተዘጋ፤ የሚያስታምም ጠፋ፤ መቃብር የሚቈፍር ሰው ስላልተገኘ ጅብ ሬሳ አወጣ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው እንደ ዳኑ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈዋል። በከተማይቱ የሞተው ሰው እስከ ዐሥር ሺህ ይገመታል። ሕዝቡም ደዌውን በወሩ ስም «የኅዳር በሽታ» አለው።

ስለ መነሻው የተነገረው ብዙ ነው። አየሩ ተበላሸ፥ በጦርነት ያለቀው ሰው ሽታ በነፋስ መጣ ያለ ነበረ። በኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ እየሰበሰቡ ማቃጠልና አገሩን በጢስ ማጠን፥ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ፥ ከዚሁ ከበሽታው ጋራ ተያይዞ ይነገራል። ቈሻሻን ከደጅ ማስወገድ መልካም ነው፤ ጢሱ ግን ከሰው ትንፋሽ ወደ ሰው የሚተላለፈውን ደዌ አያግደውም። በፈረንጅ አገርም የተሻለ መልስ አልነበረም። «ኢንፍሉዌንዛ» የሚለው ስም ራሱ የኢጣልያንኛ ቃል ሆኖ ተጽዕኖ ማለት ነው፤ ከዋክብት በሰው ጤና ላይ የሚያሳድሩትን ኀይል ለማለት የተሰጠ ነው። ዓውደ ነገሥት ገልጦ ኮከብ የሚቈጥር ደብተራና ያንን ስም ያወጣው ፈረንጅ በዚህ ነገር የአንድ አባት ልጆች ነበሩ። በአሜሪካም በ1918 አንድ የጦር ሹም፥ ጀርመኖች ከባሕር ጠለቅ መርከብ ወርደው በሽታውን በትያትር ቤት ዘርተውት ይሆናል ብሎ ተናገረ፤ ጋዜጦችም አሳተሙት። በዚያው ወራት የጀርመን ወታደር በገዛ ምሽጉ በዚሁ ደዌ ያልቅ ነበረ። «የእስፓንያ በሽታ» የተባለውም ከዚያ ስለ ተነሣ አይደለም፤ እስፓንያ በጦርነቱ ስላልገባች ጋዜጦችዋ ሳይከለከሉ ስለ ጻፉ ነው። እውነቱን የተናገረ አገር የበሽታው ባለቤት ተባለ።

የተማረ ሰው ከእንዲህ ያለ ስሕተት ነጻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፥ የፍሬድ ሆይልን ነገር ይመልከት። ሆይል ስመ ጥሩ የእንግሊዝ የከዋክብት መርማሪ ነበረ። እርሱና ባልንጀራው ቻንድራ ዊክራማሲንግ በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ኢንፍሉዌንዛና ሌሎችም ደዌዎች ጅራታም ኮከብ ከሚያፈሰው ትቢያ ጋራ ከሰማይ ይወርዳሉ ብለው ተከራከሩ። ምክንያታቸውም በ1918 ደዌው እጅግ በተራራቁ ከተሞች በአንድ ጊዜ ታየ፥ ይህም በሰው መንገድ ሊሆን አይችልም የሚል ነበረ። እንዲህ የጥንቱ የከዋክብት ነገር በአዲስ ልብስ ተመለሰ።

ለዚህ መልስ የሚሆነው በሳሞአ ደሴቶች የሆነው ነገር ነው። ምዕራብ ሳሞአና የአሜሪካ ሳሞአ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመካከላቸው ጥቂት ባሕር ብቻ አለ። በኅዳር 7 ቀን 1918 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር «ታሉን» የምትባል መርከብ ሕመምተኞች ይዛ ወደ ምዕራብ ሳሞአ ወደብ ገባች፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከሕዝቡ ከአምስት አንድ እጅ የሚያህለው ሞተ። በአሜሪካ ሳሞአ ግን ገዢው ጆን ፖየር ወደቡን ዘጋ፤ በወረርሽኙ የሞተ አንድ ሰውም አልተገኘ። ደዌው ከሰማይ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ በሁለቱ ላይ በወረደ ነበር፤ ሰማይ ወደብ የለውምና። በኢትዮጵያም ቢሆን የጅቡቲ ምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ ደዌው ከመምጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው የተለየው በ1933 ነው፤ በ1918 የገደለው ቫይረስ ከወፎች ቫይረስ ጋራ የቀረበ ዝምድና እንዳለው የታወቀውም የሟቾቹ ሥጋ ከብዙ ዘመን በኋላ ተመርምሮ በ2005 ነው።

ይህ ሁሉ የድሮ ሰው ነገር ነው የሚል ቢኖር በቅርብ ዘመን የሆነውን ያስብ። የኤድስ በሽታ በታወቀ ጊዜ፥ በሐምሌ ወር 1983 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር አንድ የዴልሂ ጋዜጣ ስሙን ያልገለጠ ሰው ጻፈው ያለውን ደብዳቤ አወጣ፤ ደዌውን አሜሪካኖች በጦር መመርመሪያ ቤት ፈጠሩት ይላል። ወሬው በብዙ አገር ከዞረ በኋላ፥ የሶቪየት የስለላ መሥሪያ ቤት የፈጠረው መሆኑን የዚያው የስለላ ሥራ ኀላፊ የሆነው ፕሪማኮቭ በ1992 አመነ። ቫይረሱ ግን በደቡብ ምሥራቅ ካሜሩን ካሉ ቺምፓንዚዎች ወደ ሰው የተላለፈው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ነው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራበት ጥበብ በዓለም አልነበረም። ኮሮናም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ፥ በመንገድ የሚሄድ የውጭ አገር ሰው «ኮሮና» እየተባለ ተሰደበ፤ በዚያው ወራት በእንግሊዝ አገር በሽታውን የሚያመጣው የስልክ ምሰሶ ነው ብለው ምሰሶ ያቃጠሉ ነበሩ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መልስ በሚሰማበት ጊዜ አስተዋይ ሰው በምን ይመዝነዋል? ካለፈው ታሪክ ሦስት መመዘኛዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፥ መልሱ በሌላም ስፍራ የሆነውን ያስረዳልን? የሚል ነው፤ በጎጃም ያለውን ከብት ባለ እጅ ከገደለው በሐማሴንና በዛምቤዚ ማን ገደለው? ሁለተኛው፥ የተከሰሰው ከጉዳቱ አምልጦአልን? የሚል ነው። ሦስተኛውም ከሁሉ የሚበልጠው፥ ከመልሱ ምን ሥራ ይወጣል? የሚል ነው። «ጠላት ላከው» የሚል ሰው የሚሠራው ነገር የለውም፤ ይጠላል፥ ይቀመጣልም። «ከታመመው ወደ ጤነኛው ይተላለፋል» የሚል ግን የታመመውን በሬ ይለያል፥ ወንዙን ይለያል፥ ከብት ወደ ገበያ አይነዳም፤ ቢሳሳትም ስሕተቱ በሥራው ይገለጥበታል። ሊሳሳት የማይችል መልስ ሊጠቅምም አይችልም።

ለዚህ ከጎጃም ምድር ሳይወጡ ምስክር ይገኛል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፥ በደብረ ኤልያስ፥ በደንበጫም ብዙ ገበሬ እግሩ እያበጠ የሚቸገርበት ዝሆኔ የተባለ ደዌ አለ፤ በ2012 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የታተመ ጥናት በእነዚህ በሁለቱ ወረዳዎች ከመቶ ሦስት ሰው የሚበልጥ እንደ ታመመ አስታውቆአል። ሕዝቡ እርግማን ነው፥ የዘር ነው፥ እባብ የረገጠ ሰው በሽታ ነው ሲል ኖሮአል። ስለዚህ የታመመ ሰው ካለበት ቤት ጋብቻ ይቀራል፤ በሽተኛውም ከማኅበር ይርቃል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በኢትዮጵያ ሲመረምር ግን፥ በሽታው የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ባለበት፥ ዝናብም በሚበዛበት ደጋ መሆኑን አስተዋለ። ረቂቁ የአፈር ቅንጣት በባዶ እግር ቆዳ ይገባል፤ የእግሩንም የፈሳሽ መስመር ያቈስላል። «የዘር ነው» የሚለው ወሬም እንደ ኢጣልያን ከብት ወሬ ግማሽ እውነት አለበት፤ አንዳንድ ቤተሰብ በተፈጥሮው ለዚህ አፈር የተጋለጠ መሆኑ በኋላ በምርመራ ታውቆአል። ነገር ግን ደዌው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ጫማ ያደረገና እግሩን በሳሙና የታጠበ ሰውም ይጠበቃል። መነሻው በጎረቤት ዐይን ሲፈለግ የኖረው ደዌ ከሁሉ እግር በታች ነበረ።

የከብቱ ደስታም መጨረሻው እንዲሁ ነው። ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ በ1960 ገደማ መልካም ክትባት አወጣ፤ በኋላም በረዶ የማይፈልግ ክትባት ተገኝቶ፥ በአፋር በረሓ ከዚያው ከከብት አርቢው ወገን የተመረጡ ሰዎች በእግራቸው እየዞሩ መንጋውን ከተቡ። በሰኔ ወር 2011 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ደዌው ከምድር ፈጽሞ መጥፋቱ በሮም ተነገረ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ያጠፋው ሁለተኛው ደዌ ይህ ነው። ይህ የሆነው በ1880 ዓ.ም. የላከው ማን እንደ ሆነ ተከራክረው በረቱት ሰዎች አይደለም፤ የታመመው ላም ከየትኛው ገበያ መጣች፥ ከየትኛው ወንዝ ጠጣች፥ ከማን መንጋ ጋራ አደረች ብለው እየጠየቁ በተከተሉት ሰዎች ነው። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ገበያ በሬ የሚገዛ ወጣት ገበሬ ስለ አፍና ጥርሱ፥ ስለ ጫንቃውና ስለ ሰኰናው ይመረምራል፤ ቅድመ አያቱን ባዶ እጁን ያስቀረውን ያን ደዌ ግን ሊፈራው አያስፈልገውም።